የጓቴማላን የሕማማት ሳምንት እንዴት ማየት ይቻላል?

ጥምቀት ላይ ወጣቶች ታቦቱ ፊት ምንጣፍ ሲያነጥፉ፣ ታቦቱ ሲያልፍ ጠቅልለው እንደገና ወደ ፊት ሲሮጡ ያየ ሰው አንቲጓ የምትባለውን የጓቴማላ ከተማ ለመረዳት አይቸገርም። እዚያም ለሰልፉ መንገድ ላይ ምንጣፍ ይነጠፋል። ልዩነቱ፣ የእነሱ ምንጣፍ አይጠቀለልም። ከሰጋቱራና ከአበባ የተሠራ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ሲለፋበት አድሮ፣ የጌታን ምስል የተሸከሙት ሰዎች ሲረግጡት በደቂቃዎች ውስጥ ይጠፋል።

ጓቴማላ ከሜክሲኮ በስተደቡብ ያለች፣ ከ17 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያላት አገር ናት። የመንግሥት ቋንቋዋ ስፓኒሽ ነው። ከሕዝቧ ከ10 ሰው 4ቱ ያህል ማያ የሚባሉት የአገሩ ነባር ሕዝቦች ሲሆኑ፣ 22 የማያ ቋንቋዎች ይነገራሉ። ካቶሊክም ፕሮቴስታንትም በብዛት አለ። የማያ አባቶች ሥርዓትም ከካቶሊኩ ጎን፣ አንዳንዴም እዚያው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ይኖራል። ይህን ሁሉ በአንድ ጉዞ ማየት የሚፈልግ ሰው በሕማማት ሳምንት ይሂድ ባይ ነኝ።

1. ቀኑን በትክክል ቁጠሩ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የጓቴማላ ፋሲካ በምዕራባውያን ቀመር ስለሚወጣ ከኛ ጋር የሚገጥመው አንዳንድ ዓመት ብቻ ነው። ለምሳሌ በ2019 ዓ.ም. የእነሱ ፋሲካ መጋቢት 19፣ የኛ ደግሞ ሚያዝያ 24 ቀን ይውላል። ስለዚህ የእነሱን ስቅለት አይታችሁ፣ ለራሳችሁ ሕማማት ቤታችሁ መድረስ ትችላላችሁ።

ቪዛውን በያዛችሁት ፓስፖርት ልክ አስቀድማችሁ ጨርሱ። የአሜሪካ ፓስፖርት ያለው ሰው እስከ 90 ቀን ለሚቆይ ጉብኝት ቪዛ አያስፈልገውም። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ግን ቲኬት ከመቁረጡ በፊት ቆንስላውን ይጠይቅ።

2. ማረፊያችሁ አንቲጓ ይሁን

አውሮፕላኑ የሚያርፈው በዋና ከተማዋ፣ በጓቴማላ ሲቲ ነው። አንቲጓ ከዚያ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። በዚያ ሳምንት መንገዱ ስለሚጨናነቅ እየተመላለስን እናያለን ብትሉ ቀኑ መኪና ውስጥ ያልቃል። ማረፊያውንም ከወራት በፊት ያዙ።

አንቲጓ የድሮዋ ዋና ከተማ ናት። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1773 የመሬት መንቀጥቀጥ አፈራረሳት፤ በ1776 ዋና ከተማነቱ ወደ አሁኑ ቦታ ተዛወረ። ጣሪያቸው የወደቀ ገዳማትና ቤተ ክርስቲያናት እስከ ዛሬ በየመንገዱ ቆመዋል። ዩኔስኮ ከተማዋን በ1979 በዓለም ቅርስነት መዝግቧታል። ፉዌጎ የሚባለው እሳተ ገሞራ ጭሱን ሲተፋ ከከተማው ይታያል። ስሙም በስፓኒሽ እሳት ማለት ነው። ዙሪያውን በዛፍ ጥላ ሥር የሚበቅል ቡና አለ። የእኛው አረቢካ እዚያ ደርሶ ሲለመልም ማየት ደስ ይላል።

3. ምንጣፍ ሲሠራ እደሩ

የጉዞው ልብ ይህ ነው። ሰልፉን ብቻ አይቶ የሚመለስ ሰው ግማሹን አላየም።

ምንጣፉ አልፎምብራ ይባላል። ቤተሰብ በየደጁ፣ ጎረቤት ከጎረቤት ተሰባስቦ ይሠራዋል። አንዱ ስለት አለበት፣ ሌላው ምስጋና። አንዳንዱ የሚሠራው አባቱም አያቱም ሲሠሩት ስላደገ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሰጋቱራው ከቀናት በፊት በሐምራዊ፣ በቢጫ፣ በቀይ፣ በአረንጓዴ ቀለም ተነክሮ ይደርቃል፤ ከዚያ ይነፋል። የአንቲጓ መንገድ ድንጋይ ንጣፍ ስለሆነ መጀመሪያ አሸዋ ወይም ያልተቀለመ ሰጋቱራ ይፈስበትና ይደለደላል። ቀጥሎ ውኃ ይርከፈከፍበታል። በላዩ ቅርጽ የተቆረጠለት ካርቶን ወይም ስስ እንጨት ይቀመጣል፤ ባለቀለሙ ሰጋቱራ በወንፊት ይነሰነስበታል። ካርቶኑ ቀስ ተብሎ ሲነሳ አበባው፣ መስቀሉ፣ ወፉ ቁልጭ ብሎ ይቀራል። መሐሉን ለመሥራት ሰው እንዳይረግጠው ሳንቃ ከፍ ተደርጎ ይጋደምና፣ ሠሪው በደረቱ ተኝቶበት ይሠራል። ዳር ዳሩ በጥድ ቅጠልና በትኩስ አበባ ይከበባል። አንዳንዱ አትክልትና ፍራፍሬ ይጨምርበታል። ነፋስ እንዳያነሳው ደግሞ እየቆዩ ውኃ ይረጩታል።

እናንተ ምን ታደርጋላችሁ? ሐሙስ ማታ የሰልፉ መንገድ የት የት እንደሚያልፍ ጠይቁና ወክ በሉ። አንድ ቤተሰብ ሥራ ሲጀምር ካገኛችሁ ሰላምታ ስጡ፤ ከዚያ «ፑዌዶ አዩዳር?» በሉ። ላግዝ ወይ ማለት ነው። ወንፊት የሚሰጣችሁ ከተገኘ ሥሩ። ውኃ መያዝም፣ አበባ መበጠስም ሥራ ነው። ቡና ወይም ዳቦ ይዛችሁ ብትመለሱ ደግሞ ይበልጥ ትቀራረባላችሁ።

4. ዓርብ ሳይነጋ ተነሱ

የስቅለት ዕለት ትልቁ ሰልፍ ላ መርሰድ ከሚባለው ቢጫ ቤተ ክርስቲያን የሚወጣው ጎህ ሳይቀድ ነው። ሌሊት ቁሙና ጠብቁ። መጀመሪያ የዕጣን ጭስ ይመጣል፤ መንገዱ እስኪታፈን ድረስ። ቀጥሎ መስቀል የተሸከመው የኢየሱስ ምስል የቆመበት ግዙፍ የእንጨት መድረክ ከጭሱ ውስጥ ብቅ ይላል። ሰማንያና ከዚያ በላይ ሰው በትከሻው ተሸክሞ ቀስ እያለ ያወዛውዘዋል። ከኋላ የሙዚቃ ጓድ የሐዘን ማርሽ ይጫወታል። የእመቤታችንን ምስል የሚሸከሙት ሴቶች ናቸው።

ተሸካሚዎቹ ኩኩሩቾ ይባላሉ። አስቀድመው ይመዘገባሉ፣ የተራቸውን ይከፍላሉ፤ ሸክሙ እንዲመጣጠን በትከሻቸው ቁመት ይመደባሉ። አንዱ ቡድን የሚሸከመው ለአጭር መንገድ ነው፤ ከዚያ ይቀያየራል። ልብሳቸው ሐምራዊ ነው። ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ ግን ከተማው በሙሉ ጥቁር ይለብሳል። ጌታ ነፍሱን የሰጠበት ሰዓት ነውና፣ ለእኛ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልግም።

ምንጣፉ ላይ የመጀመሪያዎቹ እግሮች ሲያርፉ የሠሩትን ሰዎች ፊት እዩ። የሚያዝን አታገኙም። ሰልፉ ካለፈ በኋላ ጠራጊዎች ተከትለው ሰጋቱራውን ያፍሳሉ፤ በዚያው መንገድ ላይ ለሚቀጥለው ሰልፍ ሌላ ምንጣፍ ይጀመራል። ዩኔስኮ ይህን የሕማማት ሥርዓት በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2022 በማይዳሰስ ቅርስነት መዝግቦታል።

ስለ ምግብ አንድ ነገር። ጿሚ ከሆናችሁ በቆሎና ቦሎቄ ያለበት አገር ስለሆነ አትራቡም። ቶርቲያ የምትባለው የበቆሎ ቂጣ ትኩስ ትኩሷን ትበላለች። ጥቁሩ ቦሎቄ ግን ብዙ ጊዜ በአሳማ ስብ ስለሚጠበስ «ሲን ማንቴካ» ብላችሁ እዘዙ፤ ስብ የሌለበት ማለት ነው።

5. ከፋሲካ በኋላ ወደ ማያዎቹ አገር ውጡ

አቲትላን ሐይቅ በእሳተ ገሞራዎች የተከበበ ነው። ከሐይቁ ዳር ካለችው ከፓናሃቼል በጀልባ ተሻግራችሁ ሳንቲያጎ አቲትላን የምትባለው ከተማ ግቡ። የሴቶቹን በእጅ የተሸመነ ልብስ እዩ፤ የሚገዛ ካላችሁ ከሸማኔዋ እጅ ግዙ። እዚያ ማሺሞን የሚባል የእንጨት ምስል አለ። ኮፍያና ሻርፕ አድርጎ፣ በየዓመቱ በተለያየ ሰው ቤት ይቀመጣል፤ ሲጋራና አረቄ ይቀርብለታል። ለእምነታችሁ እንግዳ ሊሆን ይችላል። ለእነሱ ግን የሚለምኑት አባት ነው፤ ስለዚህ ሳታስፈቅዱ ፎቶ አታንሱ፣ አትሳቁ።

ቺቺካስቴናንጎን ሐሙስ ወይም እሑድ ሂዱ፤ ገበያዋ የሚቆመው በእነዚህ ቀናት ነው። የሳንቶ ቶማስ ቤተ ክርስቲያን በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1540 አካባቢ የተሠራው በጥንት የማያ መቅደስ መሠረት ላይ ነው። ደረጃው 18 ነው። የማያ ዓመት 20 ቀን ያላቸው 18 ወራት ስለነበሩት ሰዎቹ ከዚያ ጋር ያያይዙታል። ሴቶች አበባ ይሸጡበታል፣ ሽማግሌዎች ኮፓል የሚባል ዕጣን ያጨሱበታል። በዋናው በር አትግቡ፤ እሱ ለአባቶች ነው፣ እንግዳ በጎን በኩል ይገባል። ካሜራውን ቦርሳ ውስጥ ክተቱት። ውስጥ ሻማ ወለሉ ላይ ይነድዳል፣ የጥድ ቅጠል እንደ ቄጤማ ተጎዝጉዟል። ሰዎቹ ተንበርክከው ኪቼ በሚባለው የማያ ቋንቋ ይጸልያሉ። ዳር ይዛችሁ ቁሙ፤ ለመውጣትም አትቸኩሉ።