ለባህር ዳርቻ ፍለጋ የሚገዛ ርካሽ ውኃ የማያስገባ ሜታል ዲቴክተር፦ ከምልክቱ እስከ መፍትሄው

ውኃ አያስገቡም ተብለው የተሸጡ ሜታል ዲቴክተሮችን እየፈታሁ ስጠግን ዓመታት አልፈዋል። ወደ ጠረጴዛዬ የሚመጡት በአብዛኛው ከሁለት አንዱ ናቸው፤ ወይ ገዢው ለጨዋማ አሸዋ ያልተሠራ መሣሪያ ገዝቷል፣ ወይ ተገቢውን መሣሪያ ገዝቶ ውኃ የሚያግደውን የክዳኑን ላስቲክ ሳይንከባከብ ቀርቷል። ስለዚህ ገና ሊገዛ የሚያስብ ሰውም ሆነ ገዝቶ የተቸገረ ሰው ይህን ቢያነብ ይጠቅመዋል ብዬ አምናለሁ፤ መሣሪያው በምን እንደሚበላሽ ያወቀ ሰው ሲገዛ ምኑን እንደሚመለከት ያውቃልና። ባትሪው መሞላቱን፣ የኮይሉ (ከዘንጉ ጫፍ ያለው ክብ መፈለጊያ ክፍል) ገመድ በትክክል መግባቱን እና መሣሪያው ወደ ፋብሪካ አቀማመጡ ተመልሶ መሞከሩን አስቀድመው እንዳረጋገጡ እቆጥራለሁ።

ምልክት፦ ደረቅ አሸዋ ላይ ጸጥ ይላል፣ እርጥቡ አሸዋ ላይ ሲደርስ ያለማቋረጥ ይጮኻል

ብዙዎች መሣሪያው ተበላሸ ብለው ያመጡልኛል፤ ነገር ግን ብልሽት አይደለም። በአንድ ሊትር የባህር ውኃ ውስጥ ወደ 35 ግራም የሚጠጋ ጨው አለ፣ ይህም ውኃውን ኤሌክትሪክ አስተላላፊ ያደርገዋል። ኮይሉ የሚፈጥረው መግነጢሳዊ መስክ በብረት ውስጥ እንደሚያደርገው ሁሉ በጨዋማው እርጥበት ውስጥም አነስተኛ የኤሌክትሪክ ፍሰት ያስነሳል፣ መሣሪያውም ያንን ፍሰት እንደ ብረት ቆጥሮ ይጮኻል። በአንድ ፍሪኩዌንሲ (መስኩ በሰከንድ የሚለዋወጥበት ብዛት) ብቻ የሚሠራ መሣሪያ ጨውን ከቀጭን ወርቅ የሚለይበት ማነጻጸሪያ የለውም፤ ፍሪኩዌንሲው ከፍ ባለ መጠን ደግሞ ጨዉ ይበልጥ ጎልቶ ይሰማዋል።

አንድ ፍሪኩዌንሲ ያለው መሣሪያ አስቀድሞ በእጅዎ ካለ ጩኸቱን መቀነስ ይቻላል። የባህር ዳርቻ ፕሮግራም ካለው እሱን ይምረጡ፤ ፍሪኩዌንሲ የሚቀያየር ከሆነ ዝቅተኛውን ይሞክሩ። ግራውንድ ባላንሱን፣ ማለትም መሣሪያው የመሬቱን ምልክት ችላ እንዲል የሚደረገውን ማስተካከያ፣ ደረቁ አሸዋ ላይ ሠርተው ወደ እርጥቡ አይሂዱ፤ ሊፈልጉበት ባሰቡት እርጥብ አሸዋ ላይ ራሱ ብረት የሌለበትን ቦታ መርጠው ያስተካክሉ። ሴንሲቲቪቲውን (የመሣሪያውን የመስማት ኃይል) ጩኸቱ እስኪረግብ ድረስ ዝቅ ያድርጉ፤ ጸጥ ያለና ትንሽ ጥልቀት ያነሰው መሣሪያ ያለማቋረጥ ከሚለፈልፍ መሣሪያ ይበልጥ ያገኛል። ኮይሉን ከአሸዋው በእኩል ከፍታ ይዘው ያወዛውዙ፣ በየጫፉ አያንሱት፤ ከፍታው በተለዋወጠ ቁጥር የጨዉ ምልክትም ይለዋወጣልና። ከሁሉም ይልቅ የሚጠቅመው ግን አካሄድ ነው፦ ከደረቁ ወደ ውኃው እና ከውኃው ወደ ደረቁ እየተመላለሱ ከመፈለግ ይልቅ የውኃውን ጠርዝ ተከትለው ቢሄዱ ከእግርዎ ሥር ያለው እርጥበት ብዙም ስለማይቀያየር መሣሪያው ይረጋጋል።

ጩኸቱን ለማስቆም የፎይልን (የስስ ብረት ወረቀትን) የምልክት ክልል በዲስክሪሚኔሽን፣ ማለትም የተመረጡ ምልክቶችን ዝም በሚያሰኘው ማስተካከያ፣ መዝጋት ግን አይገባም። ቀጭን የወርቅ ቀለበትና ስስ ሰንሰለት የሚያርፉት እዚያው ክልል ውስጥ ስለሆነ፣ ሰው ወደ ባህር ዳርቻ የሄደበትን ነገር በገዛ እጁ ከመሣሪያው ደበቀ ማለት ነው።

ገና ለመግዛት የሚያስቡ ከሆነ ምክሬ አጭር ነው፦ እርጥብ ጨዋማ አሸዋ ላይ ለመሥራት በአንድ ጊዜ በብዙ ፍሪኩዌንሲ የሚሠራ መሣሪያ ይግዙ። ፍሪኩዌንሲ መምረጥ የሚያስችል መሣሪያና በአንድ ጊዜ ብዙውን የሚጠቀም መሣሪያ የተለያዩ ናቸው፤ ማስታወቂያዎች ሁለቱን ሆን ብለው ያቀላቅሏቸዋል፣ ይህ ደግሞ በጣም ያናድደኛል። የማይንላብ ኢኩኖክስ 600 እና ቫንኩዊሽ በአንድ ጊዜ በብዙ ፍሪኩዌንሲ የሚሠሩ ሲሆኑ፣ የኖክታ ሲምፕሌክስ ፕላስ በ12 ኪሎኸርዝ፣ የጋሬት ኤቲ ፕሮ ደግሞ በ15 ኪሎኸርዝ ብቻ ይሠራሉ። የኋለኞቹ ሁለቱ በደረቅ አሸዋና በጨው አልባ ሐይቅ ላይ የሚያኮሩ መሣሪያዎች ናቸው፤ ጨዋማው ጠርዝ ላይ ግን ትዕግሥት ይጠይቃሉ። ፐልስ ኢንዳክሽን የሚባሉት፣ በአጫጭር የኤሌክትሪክ ምቶች የሚሠሩት መሣሪያዎች ጨውንም ጥቁር ማዕድናማ አሸዋንም በደንብ ይቋቋማሉ፤ ነገር ግን ብረትን ከወርቅ ስለማይለዩ ምስማሩንም ሁሉ ለመቆፈር የተዘጋጀ ሰው ካልሆነ በቀር ለጀማሪ አልመክራቸውም።

ምልክት፦ ስክሪኑ ከውስጥ ጤዛ ይይዛል፣ ቁልፎቹ ሳይነኩ ይሠራሉ፣ ወይም ከውኃ ከወጣ በኋላ ጨርሶ አይነሳም

ደጋግሜ የማየው ችግር ይህ ነው። ውኃ ገብቷል። የገባውም ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ በባትሪ ቤቱ ክዳን፣ በቻርጅ ቀዳዳው ሽፋን ወይም በሄድፎኑ መሰኪያ በኩል ነው፤ ሳጥኑ ራሱ ተሰንጥቆ ውኃ ያስገባበትን መሣሪያ ያየሁት በጣም ጥቂት ጊዜ ነው።

መጀመሪያ የመሣሪያውን ወረቀት እንመልከት። «ውኃ አያስገባም» የሚለው ቃል ለየትኛው ክፍል እንደተባለ ካልተገለጸ ምንም ማለት አይደለም። እንደ ጋሬት ኤስ 300 እና እንደ ቫንኩዊሽ ያሉት ኮይላቸው ብቻ ውኃ ውስጥ ይገባል፤ መቆጣጠሪያ ሳጥናቸው አይገባም፣ ለዚያ ተብለውም አልተሠሩም። ሲምፕሌክስ ፕላስ፣ ኤቲ ፕሮ እና ኢኩኖክስ 600 ግን ሙሉ በሙሉ እስከ 3 ሜትር ድረስ እንዲጠልቁ የተሠሩ ናቸው። አይፒ የሚለው የአቧራና የውኃ መከላከያ ደረጃ ነው፤ አይፒ67 የተባለ መሣሪያ 1 ሜትር ጥልቀት ውስጥ ለ30 ደቂቃ ተፈትኗል ማለት ሲሆን፣ አይፒ68 ደግሞ አምራቹ በገለጸው ጥልቀት ለቆይታ ይጠልቃል ማለት ነው፤ ስለዚህ ከአይፒ68 ጎን የሜትር ቁጥር ካልተጻፈ ሻጩን ይጠይቁ፣ መልስ ከሌለው ይለፉት። ፈተናው የሚደረገውም በአዲስ መሣሪያ፣ በንጹሕና በማይንቀሳቀስ ውኃ ውስጥ ነው። አሸዋ የሚያንገላታ ማዕበል እዚያ የለም።

አሁን ወደ ላስቲኩ እንምጣ። ክዳኑ ዙሪያ ያለው ቀጭን ክብ ላስቲክ፣ ኦሪንግ የሚባለው፣ ውኃን የሚያግደው በሁለት ለስላሳ ገጾች መካከል ተጨፍልቆ ክፍተት ባለማስቀረቱ ነው። አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ከሥሩ ከገባች በግራና በቀኟ ውኃ የሚያልፍበት መንገድ ይከፈታል። አንድ ጊዜ ስክሪኑ የጠቆረ መሣሪያ ቀርቦልኝ ክዳኑን ስከፍት ኦሪንጉ አዲስ ይመስል ነበር፤ በማጉያ መነጽር ሳየው ግን አንዲት የራስ ፀጉር ላስቲኩን አቋርጣ ተኝታለች። ባለቤቱ ባትሪውን የቀየረው ባህር ዳርቻው ላይ ጎንበስ ብሎ ነበር። በፀጉሯ ግራና ቀኝ ውኃው የተወው የጨው መስመር ከላስቲኩ ጫፍ እስከ ባትሪው መዳብ ድረስ በግልጽ ይታይ ነበር።

ሌላው ገዳይ ሙቀት ነው፣ ይህንንም ብዙ ሰው አያውቅም። በፀሐይ በጋለ መኪና ውስጥ የቆየ መሣሪያን በቀጥታ ወደ ቀዝቃዛ ውኃ ሲያጠልቁት በውስጡ ያለው አየር ይኮማተራል። ከ50 ወደ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲወርድ የውስጡ ግፊት በ9 በመቶ ያህል ይቀንሳል፤ ይህም ወደ 1 ሜትር በሚጠጋ የውኃ ጥልቀት ላይ ካለው ተጨማሪ ግፊት ጋር የሚመጣጠን ነው። እስከ ቁርጭምጭሚት ብቻ ገባሁ የሚል ሰው መሣሪያው ውኃ የጠጣበት ምክንያት በአብዛኛው ይህ ነው። አንድ ጎልማሳ በተከታታይ ሁለት መሣሪያ ይዞልኝ መጥቶ ሁለቱንም ጊዜ አምራቹን ረግሞ ነበር፤ መሣሪያውን የት እንደሚያስቀምጥ ስጠይቀው ከመኪናው የኋላ መስታወት ሥር ሆኖ ተገኘ። ውኃ ውስጥ ከመግባትዎ በፊት መሣሪያውን ጥላ ሥር ግማሽ ሰዓት ያሳርፉት።

ከሁሉም የከፋው ግን በርካሽ መሣሪያዎች ላይ የማየው የላስቲክ ምላስ ነው። የቻርጅ ቀዳዳውን የሚሸፍነው በጣት የሚጫን ቁራጭ ላስቲክ እንጂ በብሎን የሚጠብቅ ክዳን አይደለም። ብዙ ጊዜ ተከፍቶ ሲዘጋ ጠርዙ ይታጠፋል፣ ከዚያ በኋላ የተዘጋ መስሎ ይቀመጣል እንጂ አይዘጋም። በባህር ላይ ሰው ገንዘቡን ለሚያፈስበት ዕቃ እንዲህ ያለ መዝጊያ መሥራት ኃላፊነት የጎደለው ሥራ ነው። ሲገዙ ክዳኑን ራስዎ ይክፈቱ፦ ኦሪንግ ያለው፣ በብሎን ወይም በጠንካራ መቆለፊያ የሚጠብቅ ክዳን፣ ወይም ቀዳዳ ሳይኖረው በማግኔት ገመድ ቻርጅ የሚደረግ ይምረጡ። ባለ ብዙ ቀለም ስክሪን ከማግኘት ጥሩ ክዳን ማግኘት ይሻላል። ምትክ ኦሪንግ የማይሸጥለትን መሣሪያም አይግዙ፤ ሲገዙ ሁለት ተጨማሪ አብረው ይውሰዱ።

ክዳኑን ባህር ዳርቻ ላይ ፈጽሞ አይክፈቱ። ቤት ውስጥ፣ እጅዎን ታጥበው፣ ኦሪንጉን በእንጨት ስንጥር ያውጡት፤ መርፌና ቢላ ላስቲኩን ይቧጭራሉ። ክር በማይለቅ ጨርቅ ይጥረጉት፣ በሁለት ጣትዎ መካከልም ዙሪያውን እየሳቡ ጭረት መኖሩን በቆዳዎ ይዳስሱ፤ ዓይን የማያየውን ጭረት ጣት ያገኘዋል። ላስቲኩ የሚያርፍበትን ቦይም ይጥረጉ። ከዚያ ላስቲኩ እንዲያብለጨልጭ ያህል ብቻ ሲሊኮን ግሪስ ይቀቡት። ሲበዛ አሸዋ ይይዛል፤ ቫዝሊን ወይም የሞተር ግሪስ ደግሞ አንዳንዱን ላስቲክ ያሳብጣል። ላስቲኩ ጠፍጥፎ ከቦዩ በላይ ከፍ ካላለ አይቀባም፣ ይቀየራል።

ከማጥለቅዎ በፊት መሞከር ከፈለጉ፣ ሙቀቱ ለእጅ ለብ በሚል ንጹሕ ውኃ ውስጥ መሣሪያውን ለአንድ ደቂቃ ያህል ይንከሩት። የውስጡ አየር ሲሞቅ ስለሚሰፋ፣ የሚያፈስ ቦታ ካለ ተከታታይ አረፋ ይወጣል። ውኃው ሳይቀዘቅዝ ያውጡት፤ ከቀዘቀዘ አየሩ ተመልሶ ሲኮማተር ውኃውን በዚያው ቀዳዳ ይስበዋል። የክዳኑ ጠርዝ ላይ ተጣብቆ የሚቀር አንድ ሁለት አረፋ የውጭ አየር ስለሆነ አያስደንግጥዎ።

ውኃው ከገባ ደግሞ ሰዓቱ ከእርስዎ ጋር አይደለም። ወዲያውኑ አጥፍተው ባትሪውን ያውጡ። «ይሠራ ይሆን?» ብለው አያብሩት፤ ጨዋማ ውኃና የባትሪ ኃይል ሲገናኙ የቦርዱን (የውስጥ ኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳውን) መዳብ በሰዓታት ውስጥ ይበላሉ። ዋስትናው ካላለፈ ሳይከፍቱ በዚያው ዕለት ይላኩት። ካለፈና ለመክፈት ድፍረቱ ካለዎት ቦርዱን በንጹሕ፣ ቢቻል በተጣራ ውኃ ያጥቡት፣ በአይሶፕሮፒል አልኮል ይድገሙት፣ ከዚያ ለቀናት ያድርቁት። ሩዝ ውስጥ አይቅበሩት። ሩዝ ጨውን አያወጣም፤ ያመጡልኝ መሣሪያዎች ሁሉ ሩዙ ውስጥ በቆዩበት ቀን ልክ ዝገታቸው ከፍቶ ነው የደረሱኝ። የባህር ውኃ የነካውን ሊቲየም ባትሪ ደግሞ በምንም ዓይነት ቻርጅ አያድርጉ፤ እሳት ሊያስነሳ ይችላል።

ሌሎች ምልክቶች

ኮይሉ ምንም ሳይኖር አልፎ አልፎ ይጮኻል፦ የኮይሉን መከላከያ ሽፋን አውልቀው በሽፋኑና በኮይሉ መካከል የተጠራቀመውን እርጥብ አሸዋ አጥበው ያስወግዱ፤ ያ አሸዋ ከኮይሉ ጋር አብሮ የሚዞር ጨው ነው።

ገመዱ ሲነካ ይጮኻል፦ በአብዛኛው ገመዱ ከኮይሉ ጋር በሚገናኝበት አንገት ላይ ውስጡ ተቆርጧል። ገመዱን ወጥረው ስለሚጠመጥሙት ነው፤ ከአንገቱ አጠገብ ጥቂት ይተዉለት።

ሽቦ አልባው ሄድፎን ውኃ ውስጥ ሲገቡ ይቋረጣል፦ የሬዲዮ ሞገዱ በውኃ ውስጥ ብዙም አያልፍም። ባለ ገመድ፣ ውኃ የማያስገባ ሄድፎን ያስፈልጋል፤ መሣሪያውን ሲገዙ ለእሱ የሚሆን መኖሩን ይጠይቁ።

ከጓደኛ ጋር ሲፈልጉ ብቻ ይረበሻል፦ ፍሪኩዌንሲውን ወይም ቻናሉን ይቀይሩ፣ አለዚያ ይራራቁ።

ዘንጉ አልታጠፍ ብሎ ይያዛል፦ አሸዋ ነው። በኃይል አይጠምዝዙት፣ በንጹሕ ውኃ ይዘፍዝፉት። መሣሪያውን ከእያንዳንዱ ፍለጋ በኋላም በዝግታ በሚፈስ ንጹሕ ውኃ ያጥቡት እንጂ በግፊት የሚረጭ ቱቦ አይጠቀሙ፤ የቱቦው ግፊት በአንድ ነጥብ ላይ ከ3 ሜትር ጥልቀት ሊበልጥ ይችላል። ቻርጅ የሚደረግበት ነጥብም ፈጽሞ ሳይደርቅ ገመዱን አያያይዙ።

ያገለገለ መሣሪያ ሲገዙ ከማብራትዎ በፊት የባትሪ ቤቱን ይክፈቱ፦ የብረት መገናኛዎቹ ላይ ወይም የብሎኖቹ ሥር አረንጓዴ ዱቄት ካዩ ዋጋው የቱንም ያህል ቢቀነስልዎት ይተዉት፤ ዛሬ ቢሠራም ጨዉ ቦርዱ ላይ ደርሶ ሊሆን ይችላል።