ብየዳው ተሰነጠቀ? ብረቱንም ጠርጥሩት

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ብየዳ ሲሰነጠቅ መጀመሪያ የሚወቀሰው በያጁ ነው፤ ቀጥሎ ኤሌክትሮዱ። ብረቱን የሚጠረጥር ግን ብዙም አይገኝም።

ሲያልቅ ደህና ነበር፤ በማግስቱ ከብየዳው ጎን ተሰነጠቀ

ምክንያት፦ ብረቱ ሲቀዘቅዝ የሚደርቅ (ጠንክሮ ተሰባሪ የሚሆን) ዓይነት ነው፤ በዚያ ላይ ከእርጥበት የመጣ ሃይድሮጅን ገብቶበታል። ስንጥቁ እስከ 48 ሰዓት ሊዘገይ ስለሚችል፣ ከባድ ሥራ በዚያው ቀን አይቶ ማስረከብ አያዋጣም።

ዋናው አድራቂ ካርቦን ነው። ሌሎቹም ጥቂት ሆነው ያግዙታል። ሂሳቡ እንዲህ ነው፦ የካርቦኑን መቶኛ ያዙ። ማንጋኒዙን ለ6 አካፍላችሁ ጨምሩ። ክሮሚየም፣ ሞሊብዲነምና ቫናዲየም ተደምረው ለ5፣ ኒኬልና መዳብ ተደምረው ለ15 ይካፈላሉ። ድምሩ ከ0.40 በታች ከሆነ በአብዛኛው ሥጋት የለም። ከ0.45 ካለፈ ከመበየዳችሁ በፊት ብረቱን አሙቁ። ካርቦኑ 0.20፣ ማንጋኒዙ 1.4 የሆነ ብረት 0.43 ይሰጣል፤ ቀጭኑ ምንም አይል፣ ወፍራሙ ግን ያስቸግራል።

ባሌስትራ (ተደራራቢው የመኪና ስፕሪንግ) ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። ካርቦኑ ብቻ 0.6 አካባቢ ነው። ለጋሪ ማያያዣ በርካሽ ተገኘ ተብሎ ሲመጣ፣ ይዘቱን የሚገልጽ የፋብሪካ ሰርተፊኬት ስለሌለው በግራይንደር ሞክሩት። የእሳቱ ብልጭታ ረጅምና ቀጥ ያለ ከሆነ ካርቦኑ ትንሽ ነው፤ እንደ ርችት ከተበታተነ ብዙ ነው።

መፍትሄ፦ እርጥበት የሌለበት 7018 (ሃይድሮጅኑ አነስተኛ የሆነ ኤሌክትሮድ) ተጠቀሙ። የደሴ ክረምት ክፍት ፓኬት አይምርም፤ እርጥብ 7018 በምድጃ ከ300 እስከ 350 ዲግሪ ለአንድ ሁለት ሰዓት መድረቅ አለበት። (ምጣድ ላይ ማሞቅ አይበቃም።) ለባሌስትራ ከ200 እስከ 300 ዲግሪ አሙቁና ስትጨርሱ ደረቅ አመድ ውስጥ ቅበሩት። ባሌስትራው መኪና ላይ የሚሠራ ከሆነ ግን አትበይዱት፤ ይቀየር።

ገና ትኩስ እያለ መሃል ለመሃል ተሰነጠቀ

ድኝ ወይም ፎስፈረስ በዝቶበታል። ድኙ ከብረቱ ጋር ሆኖ ዘግይቶ የሚረጋ ስስ ፊልም ይሠራል፤ ማንጋኒዝ ሲኖር ድኙን ይዞ ያስቀረዋል። 7018 ያዙ፣ አምፔሩን ቀንሱ፣ ብየዳው ጎድጓዳ አይሁን፣ መጨረሻው ላይ ጉድጓዱን ሳትሞሉ እጃችሁን አታንሱ።

ቀዳዳ ቀዳዳ ይላል

መጀመሪያ ዝገት፣ ቀለምና ዚንክ አጽዱ። ብረቱ ንጹህ ሆኖም ካልተሻለ ሲሊኮኑ አንሶ ይሆናል፤ ኦክስጅኑን የሚይዝለት እሱ ነበር። ሲሊኮንና ማንጋኒዝ የሚጨምር ኤሌክትሮድ ይረዳል።

ፌሮው በብየዳው አጠገብ ቀጭ አለ

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ሁለት ፌሮ መልካቸው አንድ ሆኖ ጥንካሬያቸው ከተለያየ መንገድ ሊመጣ ይችላል። አንዱ ካርቦንና ማንጋኒዝ ተጨምሮለት ነው፤ እሱ ሲበየድ ይደርቅና ይሰበራል። ሌላው ካርቦኑ አነስ ብሎ ከፋብሪካ በውሃ የተነከረ ነው፤ እሱ በደንብ ይበየዳል፣ ሙቀት ሲበዛበት ግን ይለሰልሳል። በዓይን አይለዩም። ስለዚህ ሻጩን የፋብሪካ ሰርተፊኬት ጠይቁትና ሂሳቡን ሥሩ። ሰርተፊኬት ከሌለ ለኮለን በብየዳ አትቀጥሉት፤ በቂ መደራረቢያ ትታችሁ በሽቦ እሰሩት። የመደራረቢያውን ርዝመት መሐንዲሱ ይንገራችሁ።