ብርድ ሲገባ ስለ መብራትና ጋዝ ዋጋ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ጥቅምት ላይ የጦሳ ተራራ ብርድ ደሴን ሲይዛት ሁለት ወሬ አብሮ ይነሳል። አንዱ የሰፈር ነው፦ «ካርድ ሞልቼ ሳምንት እንኳ አልቆየም፣ ዋጋ ጨምረውብናል» የሚል። ሌላው ከውጭ በስልክ የሚመጣ ነው፦ «የዚህ ወር የጋዝና የመብራት ቢል ገደለን» የሚል። ብዙ ሰው ሁለቱን አንድ አድርጎ ያወራል። ምክንያታቸው ግን ለየቅል ነው። ይህን አለመለየት ኪስ ይጎዳል፣ አንዳንዴም ዘመድ ያቀያይማል።

የሂሳብ መጨመርን ከዋጋ መጨመር ጋር ማምታታት

እኛ ጋ የመብራት ታሪፍ የአየሩን ጠባይ አይቶ አይቀየርም። መንግሥት ያጸድቀዋል፣ በተቆረጠለት ጊዜም ይጨምራል። ከመስከረም 2017 ጀምሮ ለአራት ዓመት በየሦስት ወሩ ደረጃ በደረጃ ከፍ እንዲል ተወስኗል። ስለዚህ አንዱ ጭማሪ ብርድ ላይ መግጠሙ አይቀርም። ብርዱ ግን አላመጣውም። ብርዱ የሚቀይረው የእኛን አጠቃቀም ነው።

እስኪ የማሞቂያችሁን ጀርባ ገልብጣችሁ እዩት። ትንሿ ጽሑፍ ላይ 2000 ዋት የሚል ካለ ሂሳቡ ቀላል ነው። ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ሳይቋረጥ ቢሠራ 10 ኪሎዋት ሰዓት በላ ማለት ነው። በወር 300። ታሪፉ ደግሞ በእርከን ነው፤ እስከ 50፣ እስከ 100፣ እስከ 200 እያለ ከ500 በላይ ድረስ ይሄዳል። እርከኑ ከፍ ባለ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ይወደዳል። እናም በወር 80 ይበቃው የነበረ ቤት 380 ሲገባ፣ አጠቃቀሙ አምስት እጥፍ ቢጠጋ ሂሳቡ ከዚያም አልፎ ይሄዳል።

ቆጣሪውን ከመጠርጠራችሁ በፊት አንድ ነገር ሞክሩ። ማሞቂያውን ስታበሩ የቆጣሪውን ቁጥር ጻፉ፣ ስታጠፉ ድጋሚ ጻፉ። ልዩነቱን በዓይናችሁ ታዩታላችሁ። በነገራችን ላይ ኮምቦልቻ ያለ ዘመድ «እኛ ጋ እኮ እንዲህ አይመጣም» ቢላችሁ እውነቱን ነው። 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁል ወርዶ ማሞቂያ የሚያበራ ሰው ማግኘት ይከብዳል።

«ውጭ ሀገር በብርድ ኃይል ያጥራል፣ እኛም ያው ነን» ማለት

ይሄኛው በጣም የተለመደ ነው፣ ግን ተገላቢጦሽ ነው። የሀገራችን ኤሌክትሪክ ከ90 በመቶ በላይ የሚመጣው ከውሃ ነው። ግድቦቹ በክረምት ዝናብ ይሞላሉ። ጥቅምትና ኅዳር ላይ እኛ ጋቢ ስንደርብ ግድቦቹ ውሃ ጠግበው ነው የሚገኙት። የእኛ አስጨናቂ ጊዜ ዝናቡ ሳይመጣ በፊት ያለው በጋ ነው። ግንቦት 2011 ላይ መብራት በፈረቃ የሆነውን አስታውሱ። የጊቤ ሦስት ግድብ ውሃ ስለወረደ ነበር።

ታዲያ ኅዳር ላይ ማታ መብራት እልም ሲል ምንድን ነው? ብዙውን ጊዜ ከግድቡ ይልቅ የሰፈሩን ትራንስፎርመር መጠርጠር ይሻላል። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ስቶቩ፣ ምጣዱና ማሞቂያው ከየቤቱ ባንዴ ሲነሱ መስመሩ አይችልም። ውጭ ሀገር ጭነቱ ሲበዛ ዋጋው ይንራል። እኛ ጋ ዋጋው የተቆረጠ ስለሆነ ጭነቱ የሚወጣው መስመሩ ላይ ነው። እንጀራ ቀን ቀን መጋገር ሂሳባችሁን አይቀንስም፤ ጎረቤት ሁሉ ቢያደርገው ግን ማታ ጨለማ ውስጥ የመቀመጡ ነገር ይቀንሳል።

ጋዝና መብራትን ለየብቻ ማየት

ዳላስ ያለች እህታችሁ «በብርዱ ምክንያት በዚህ ወር ብር መላክ አልቻልኩም» ስትል ማመካኛ የሚመስላቸው አሉ። እባካችሁ እንዲህ አትፍረዱ። አሜሪካ ውስጥ ግማሽ የሚጠጋው ቤት የሚሞቀው በቧንቧ በሚገባ የተፈጥሮ ጋዝ ነው። ከኤሌክትሪኩም 40 በመቶ ገደማው የሚመነጨው በዚያው ጋዝ ነው። ብርድ ሲጠና የቤት ማሞቂያውም ኃይል ማመንጫውም አንዱን ጋዝ ይሻማሉ። መብራት ሻጮች ከኃይል ማመንጫዎች በሚገዙበት የጅምላ ገበያ ላይ ደግሞ ለሁሉም ዋጋ የሚቆርጠው ፍላጎቱን ለማሟላት መጨረሻ ላይ የተጠራው፣ ውዱ ማመንጫ ጣቢያ ነው። ያ ጣቢያ በአብዛኛው በጋዝ የሚሠራ ስለሆነ ጋዝ ሲወደድ መብራትም አብሮ ይወጣል።

ብርድ ፍላጎትን ምን ያህል እንደሚጨምር ለመገመት ፈረንሳይን እዩ። እዚያ ብዙ ቤት በኤሌክትሪክ ይሞቃል። በብርድ ወራት ሙቀቱ አንድ ዲግሪ ብቻ ሲወርድ የሀገሪቱ ፍላጎት በ2,400 ሜጋዋት ገደማ ይጨምራል። የሕዳሴ ግድባችን ሙሉ አቅም 5,150 ሜጋዋት ነው። በአንድ ዲግሪ ግማሽ ሕዳሴ ሊጠጋ ምንም አልቀረው!

ቴክሳስ ውስጥ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2021 የሆነው ከዚህም ይብሳል። ፍላጎቱ ሲያሻቅብ አቅርቦቱ ባንዴ ወረደ። የጋዝ ጉድጓዶችና ቱቦዎች በበረዶ ተያዙ፣ ጋዝ ሲቀንስ ኃይል ማመንጫዎች ቆሙ። መብራት ሲቋረጥ ደግሞ በኤሌክትሪክ የሚሠሩ የጋዝ መግፊያ ጣቢያዎች ጠፉና ጋዙ ይበልጥ ቀነሰ። በሳንቲም ይቆጠር የነበረው ኪሎዋት ሰዓት በጅምላ ገበያ 9 ዶላር ገባ። ቋሚ ዋጋ የተዋዋሉ ሰዎች ወዲያው አልተመቱም። ከጅምላው ገበያ ጋር አብሮ የሚወጣና የሚወርድ ውል የያዙት ግን በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ተጠየቁ። እህታችሁን መጠየቅ ካለባችሁ «ውልሽ ቋሚ ነው ወይስ ተለዋዋጭ?» ብላችሁ ጠይቋት። ይህ ጥያቄ ከትዝብት ይልቅ ይጠቅማታል።

ሁሉንም በብርድ ማሳበብ

አውሮፓ ውስጥ የጋዝ ዋጋ በታሪክ ከፍተኛው ጣሪያ የደረሰው እ.ኤ.አ. በኦገስት 2022፣ ማለትም በሙቀቱ ወር ነው። ከ300 ዩሮ በላይ ለአንድ ሜጋዋት ሰዓት። የሩሲያ ጋዝ እየቀነሰ ሲሄድ ሀገራቱ ለብርዱ ማከማቻቸውን ለመሙላት ተሻሙ። እዚያ ጋዝ በሙቀቱ ወራት ይጠራቀማል፣ በብርድ ይወጣል። ጎተራው ጎድሎ ብርድ የገባበት ዓመት ነው የሚያስፈራው። ጎተራው ሞልቶ ከቆየ ግን ያው ብርድ ብዙም ሳይጎዳ ሊያልፍ ይችላል።

የእኛ ሲሊንደር ደግሞ ከዚህ ሌላ ነው። በቧንቧ የሚሄደው የተፈጥሮ ጋዝ ሳይሆን ከውጭ ተገዝቶ በመኪና የሚደርሰን ፈሳሽ ጋዝ ነው። ዋጋውን የሚወስነው የዓለም ገበያ፣ የዶላር ምንዛሪና የመንገዱ ነገር ነው። የደሴ ብርድ የለበትም።

ሂሳብ ፈርቶ ከሰል መኝታ ቤት ማስገባት

ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው። ማሞቂያው ገንዘብ ጨረሰ ተብሎ የከሰል ምድጃ ወደ ውስጥ ይገባል፣ በር ይዘጋል፣ ቀዳዳ በጨርቅ ይወተፋል። «ጭሱ አልቋል፣ ፍም ብቻ ነው» ይባላል። ፍሙ ግን ጭስ ሳይኖረው ነው የሚገድለው። ካርቦን ሞኖክሳይድ አይታይም፣ አይሸትም። አመድ የለበሰ ረመጥም ያወጣዋል። ለተኛ ሰው ማስጠንቀቂያ የለውም። በዚያ የቴክሳስ ብርድም መብራት ሲጠፋባቸው ቤት ውስጥ ከሰል ያነደዱ፣ መኪና ጋራዥ ውስጥ ያስነሱ ሰዎች በዚሁ ጋዝ ሞተዋል።

ለመሞቅ ከሆነ በር ተከፍቶ፣ ሰው ነቅቶ እያለ ይሁን። ከመኝታ በፊት ምድጃው ከነረመጡ ደጅ ይውጣ። መኝታውን በብርድ ልብስና ሙቅ ውሃ በያዘ ጠርሙስ ማሞቅ ይቻላል፤ ጠርሙሱ በደንብ መከደኑን እዩ፣ በጨርቅም ጠቅልሉት። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ ወይም ማዞር ከቤቱ ሰዎች ሁለቱን ባንዴ ከያዛቸው ጉንፋን ነው ብላችሁ አትጠብቁ። በሩን ከፍታችሁ ሁሉንም ወደ ውጭ አውጡ፣ ከዚያ በቀጥታ ሐኪም ቤት።