ከባድ ካምፐር የሚሸከም ፒክአፕ፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

በአሜሪካ ምዕራባዊ ግዛቶች፣ በተለይም በኮሎራዶ፣ በዩታና በዋዮሚንግ፣ አልጋ፣ ምድጃ፣ ማቀዝቀዣና የውሃ ታንከር ያለው ሙሉ ቤት በጀርባቸው አዝለው የሚጓዙ ፒክአፖች በብዛት ይታያሉ። ይህ ቤት ስላይድ ኢን ካምፐር ይባላል። በራሱ አራት እግሮች ከፍ ብሎ ስለሚቆም፣ መኪናው ወደ ኋላ ከሥሩ ገብቶ በጭነት ሳጥኑ፣ ማለትም በካሶኒው ላይ ይጭነዋል፤ ሲያስፈልግም እዚያው አቁሞት ይሄዳል። ሐሳቡ መልካም ቢሆንም፣ ከአንድ ቶን በላይ የሚመዝንና ከመኪናው ጣሪያ በላይ የሚረዝም ጭነት የመኪናውን ጠባይ ፈጽሞ ይለውጠዋል። በእኔ ግምት በዚህ ጉዳይ ገንዘብ በብዛት የሚባክነው ምልክትን ከመንስኤ ጋር በማምታታት ነው፤ መኪናው ከኋላ ሲጎብጥ የአየር ከረጢት፣ ማለትም በኋላ አክስልና በሻንሲው መካከል ገብቶ በአየር የሚነፋ ድጋፍ፣ ይገዛል፣ ሲወዛወዝ ተጨማሪ ብረት ይታሰርለታል፣ አስቀድሞ መነሳት የነበረበት የክብደት ጥያቄ ግን ሳይነሳ ይቀራል።

ከማናቸውም ምልክት በፊት የሚነበቡ ቁጥሮች

በሾፌሩ በር ፍሬም ላይ ሁለት ተለጣፊ ወረቀቶች አሉ። ቢጫና ነጭ የሆነው ወረቀት የተሳፋሪዎችና የጭነት ድምር ከስንት ኪሎ ወይም ከስንት ፓውንድ መብለጥ እንደሌለበት ይናገራል። ሌላው ደግሞ መኪናው ከነጭነቱ ሊኖረው የሚፈቀደውን ጠቅላላ ክብደት፣ እንዲሁም የፊትና የኋላ አክስል እያንዳንዳቸው የሚችሉትን ይገልጻል። እነዚህ ቁጥሮች የተጻፉት ለዚያ አንድ መኪና በመሆኑ፣ በሻጩ መጽሔት ላይ በትልቁ የሚታተመው ቁጥር አይተካቸውም።

ለምሳሌ ያህል ወረቀቱ 1,450 ኪሎ ይላል እንበል። የካምፐሩ ባዶ ክብደት 1,300 ኪሎ ስለሆነ ብዙ ሰው "150 ኪሎ ይተርፈኛል" ብሎ ይዋዋላል። ይሁን እንጂ 150 ሊትር ውሃ 150 ኪሎ ነው፤ ሁለት የተሞሉ የጋዝ ሲሊንደሮች 34 ኪሎ ያህል ናቸው፤ ባልና ሚስት 150 ኪሎ፣ ምግብ፣ ልብስ፣ ዕቃና መሣሪያ ደግሞ 180 ኪሎ ቢሆኑ ድምሩ 1,814 ኪሎ ይደርሳል። መኪናው ገና ከቤት ሳይወጣ 364 ኪሎ አልፎበታል ማለት ነው። በዚያ ላይ "ባዶ ክብደት" የሚባለው ብዙውን ጊዜ በተጨማሪ ክፍያ የተገጠሙትን፣ እንደ ጣሪያ ማቀዝቀዣና የጎን ዳስ ያሉትን አይጨምርም።

ከግምት የሚያወጣው ሚዛን ብቻ ነው። በአሜሪካ አውራ ጎዳናዎች ዳር ባሉት የከባድ መኪና ማረፊያዎች ውስጥ ካት ስኬል የተባሉ ሚዛኖች አሉ። የፊት ጎማዎች በመጀመሪያው ሰሌዳ፣ የኋላዎቹ በሁለተኛው ላይ እንዲያርፉ አድርገው ቢቆሙ የእያንዳንዱን አክስል ክብደት ለየብቻ የሚያሳይ ወረቀት ይሰጥዎታል። አንድ ጊዜ ካምፐሩ ሳይጫን፣ ሌላ ጊዜ ውሃው፣ ዕቃውና ተሳፋሪው ሁሉ ተሟልቶ ይመዝኑ፤ በሁለቱም ጊዜ የነዳጅ ታንከሩ ሙሉ ይሁን። ከዚህ በታች ያሉት መፍትሄዎች በሙሉ በእነዚህ ሁለት ወረቀቶች ላይ የተመሠረቱ ናቸው።

ምልክት፦ መኪናው ከኋላ ይጎብጣል፣ መሪውም ይቀላል

የፊት መብራቱ ወደ ላይ ያበራል፣ ከፊት የሚመጡ ሾፌሮች በብርሃን ይወቅሱዎታል፣ በፍጥነት ሲነዱም መሪው በእጅዎ ውስጥ ባዶ የሆነ ያህል ይሰማዎታል። እዚህ ላይ ሁለት የተለያዩ መንስኤዎች አንድ ዓይነት መልክ ይይዛሉ።

የመጀመሪያው የባሌስትራው መድከም ወይም ለጭነቱ አለመመጠን ነው። ሁለተኛውና የከፋው የካምፐሩ የስበት ማዕከል፣ ማለትም ክብደቱ ሚዛን የሚይዝበት ነጥብ፣ ከኋላ አክስል ወደ ኋላ ማለፉ ነው። የሚለዩበትም መንገድ ቀላል ነው፦ ካምፐሩ ተጭኖ የፊት አክስል ክብደት ባዶ ከነበረበት ጊዜ ከቀነሰ፣ ጭነቱ የኋላውን አክስል እንደ መደገፊያ አድርጎ ፊቱን እያነሳው ነው። 1,800 ኪሎ የሚመዝን ካምፐር የስበት ማዕከሉ ከአክስሉ በስተኋላ 30 ሴንቲ ሜትር ላይ ቢያርፍና በፊትና በኋላ አክስል መካከል ያለው ርቀት 4 ሜትር ቢሆን፣ የፊቱ አክስል 135 ኪሎ ይቀንሳል፣ የኋላው ደግሞ 1,935 ኪሎ ይጨመርበታል።

ለዚህ ሁለተኛው ችግር የአየር ከረጢት መድኃኒት አይሆንም። መኪናውን ቀጥ አድርጎ ያቆመዋል፣ ወደ ፊት ጎማ የሚመለሰው ክብደት ግን ከቁጥር የሚገባ አይደለም። መፍትሄው ጭነቱን ወደ ፊት መመለስ ነው፦ ካምፐሩ እስከ ካሶኒው ፊት ግድግዳ መግባቱን ማረጋገጥ፣ ከኋላ በር አጠገብ የተከማቸውን ከባድ ዕቃ ወደ ፊት ማዛወር፣ የኋላውን ስፖንዳ ፈትቶ ቤት መተው። ለረጅም ካሶኒ የተሠራ ካምፐር በአጭር ካሶኒ ላይ ከተጫነ ግን ዕቃ ማዛወሩ ብዙም አይረዳም፤ ካምፐሩ ለዚያ መኪና አልተሠራምና። የአሜሪካ ፌደራል ደንብ የካምፐር አምራቾች ክብደቱንና የስበት ማዕከሉን፣ የመኪና አምራቾች ደግሞ ያ ማዕከል በካሶኒው የትኛው ክልል ላይ ማረፍ እንዳለበት እንዲገልጹ ያስገድዳል፤ ስለዚህ ከመግዛትዎ በፊት ሁለቱን አቀራርቦ ማየት ይቻላል።

የፊቱ አክስል ክብደት ካልቀነሰና የኋላው አክስልም ከተፈቀደለት ካላለፈ፣ ችግሩ የባሌስትራው ብቻ ስለሆነ ተጨማሪ ቅጠል፣ ማለትም ተደራራቢ የባሌስትራ ብረት፣ ማስገባት ወይም የአየር ከረጢት መግጠም ተገቢ ነው። ራም 2500 የተባለው ፒክአፕ ከ2014 ሞዴል ጀምሮ ከኋላ በባሌስትራ ፈንታ የተጠቀለለ ሞላ ስላለው ቅጠል መጨመር አይቻልም፤ ለእርሱ የአየር ከረጢቱ ይሻላል። ይሁን እንጂ ከእነዚህ አንዱም በበሩ ወረቀት ላይ የተጻፈውን ቁጥር ከፍ አያደርገውም። አንድ ጋራዥ ለአንድ ወዳጄ ከረጢቶቹን ከገጠመለት በኋላ "አሁን ተጨማሪ ግማሽ ቶን ይችላል" ብሎት ነበር፤ አክስሉ፣ ቸርኬውና ፍሬኑ ግን የትናንቶቹ ነበሩ።

ምልክት፦ በነፋስና በኩርባ ላይ ግራና ቀኝ ይወዛወዛል

በዋዮሚንግ በላራሚና በሮሊንስ መካከል የሚያልፈውን አውራ ጎዳና 80 የሚያውቅ ሰው ስለ ጎን ነፋስ ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ከፍ ያለ ጭነት መወዛወዙ በራሱ ያልተለመደ ነገር አይደለም። ችግር የሚሆነው ውዝዋዜው ቶሎ ሳይቆም ሲደጋገም ነው።

በመጀመሪያ ጎማውን ይመልከቱ፣ ዋጋው የጥቂት ደቂቃ ጊዜ ብቻ ነውና። ባዶ መኪና ለምቾት ተብሎ በዝቅተኛ ንፋስ ከተነዳ በኋላ በዚያው ካምፐር ሲጫንበት የጎማው ጎን እየተጣጠፈ መኪናውን ያወዛውዘዋል። ኢ (E) የሚል የጭነት ደረጃ ያላቸው ጎማዎች አብዛኛዎቹ ሙሉ አቅማቸውን የሚሰጡት በ80 ፒኤስአይ (የጎማ ንፋስ ግፊት መለኪያ) ነው፤ ቸርኬውም ያንን ግፊት የሚችል መሆኑን ያረጋግጡ።

ቀጥሎ ባሌስትራውን ከጎን ይመልከቱ። በብዙ ከባድ ፒክአፖች ላይ ከዋናዎቹ ቅጠሎች በላይ፣ ጭነት ሲበዛ ብቻ ከማረፊያው ጋር የሚነካካ ተጨማሪ ቅጠል አለ። በመካከሉ ክፍተት ካለ ካምፐሩ በዚያ ክፍተት ውስጥ ሳይያዝ ይወዛወዛል። በቅጠሉና በማረፊያው መካከል የሚገባ ጠንካራ መሙያ ቅጠሉን ከመጀመሪያው ሥራ ያስጀምረዋል፤ በእኔ ግምት ከወጪው አንጻር እንደዚህ የሚክስ ለውጥ ጥቂት ነው። ከዚያ በኋላም ውዝዋዜው ከቀጠለ የአክስሉን ግራና ቀኝ የሚያስተባብረው ዘንግ፣ ስዌይ ባር፣ በወፍራም ይተካ።

የአየር ከረጢት የገጠሙ ሰዎች አንድ ስህተት ደጋግመው ይሠራሉ። ሁለቱ ከረጢቶች በአንድ ቱቦና በአንድ ቫልቭ ከተያያዙ፣ መኪናው ወደ ቀኝ ሲያዘነብል አየሩ ከተጨነቀው ከቀኙ ከረጢት ወደ ግራው ይሸሻል፤ ይህም ማዘንበሉን ያባብሰዋል። ለየብቻ ቫልቭ ማድረግ ይህን ያስቀራል፤ ካምፐሩ ማቀዝቀዣውና ምድጃው ባሉበት ወገን ሁልጊዜ ዘንበል የሚል ከሆነም የዚያን ወገን ግፊት በጥቂቱ ከፍ በማድረግ ይስተካከላል።

ፊቱና ኋላው እየተፈራረቁ እንደ ጀልባ የሚነሱና የሚወድቁ ከሆነ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፦ ሾክ አብዞርበሩ ደክሟል፣ ወይም የተሠራው ለባዶ መኪና ነው። ጥንካሬው የሚስተካከል ዓይነት ቢገጠም፣ ካምፐሩ ሲወርድ መኪናው እንዳይንገጫገጭ መልሶ ማላላት ይቻላል።

ምልክት፦ የኋላ ጎማ ከመጠን በላይ ይሞቃል

እዚህ ላይ ማመንታት አይገባም። በጎማው ጎን ላይ ከመጠኑ ቀጥሎ የተጻፈውን የጭነት ቁጥር ያንብቡ። 121 ማለት አንድ ጎማ 1,450 ኪሎ ይችላል፣ ሁለቱ ደግሞ 2,900 ኪሎ ይችላሉ ማለት ነው። የሚዛኑ ወረቀት የኋላ አክስልዎን 3,000 ኪሎ ካለ፣ በሐምሌ ሙቀት አስፋልት ላይ በሰዓት 110 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ጎማ መፈንዳቱ የጊዜ ጉዳይ ነው፤ ከባሌስትራ ጋር የሚደረግ ማንኛውም ሥራ ይህን አይለውጠውም። 126 የሚል ጎማ 1,700 ኪሎ ስለሚችል ጥንዱ 3,400 ኪሎ ይሸከማል፤ ቸርኬውም ያንኑ ያህል የሚችል መሆን አለበት። የአክስሉ የራሱ ገደብ ከታለፈ ደግሞ የሚቀረው ካምፐሩን ማቅለል ወይም ከኋላ በእያንዳንዱ ጎን ሁለት ጎማ ወዳለው መኪና መሸጋገር ነው። ቸርኬ ከተለወጠ በኋላ ዳዶዎቹ 160 ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ በቶርክ ቁልፍ እንደገና መጠበቅ አለባቸው።

ምልክት፦ ካምፐሩ በካሶኒው ውስጥ ይንሸራተታል፣ ወይም ማሰሪያው ይላላል

ልሙጥ የፕላስቲክ ሽፋን ያለው ካሶኒ ዋነኛው ተጠያቂ ነው። ሽፋኑን አውጥተው ወፍራም የጎማ ምንጣፍ ያንጥፉ። የካምፐሩ የጎን ክንፍ በካሶኒው ጠርዝ ላይ ካረፈ፣ ካሶኒያቸው ጥልቅ በሆኑት አዳዲስ መኪኖች ላይ እንደሚያጋጥመው፣ ከሥሩ የእንጨት መድረክ ሠርቶ ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል፤ ክብደቱን የሚሸከመው ወለሉ እንጂ ጠርዙ አይደለም።

ማሰሪያዎቹ ከካሶኒው ቆርቆሮ ይልቅ ከሻንሲው ጋር ቢያያዙ ይመረጣል፣ ምክንያቱም ቆርቆሮው በከባድ ካምፐር መጎተት ሊሰነጠቅ ይችላል። የፊቶቹ ማጥበቂያዎች ካምፐሩን ወደ ታችና ወደ ፊት እንዲስቡት ይደረጋል። ከመጠን በላይ ማጥበቅ የካምፐሩን የማዕዘን እንጨት ስለሚነቅል፣ ሞላ ያለው ማጥበቂያ ስህተትን ይቀንሳል። ከተነሱ በኋላ የመጀመሪያዎቹን 20 ወይም 30 ኪሎ ሜትር ተጉዘው ቆመው ሁሉንም በእጅ ይፈትሹ።

ምልክት፦ በቁልቁለት ፍሬኑ ይሸታል፣ ፔዳሉም ይለሰልሳል

ከዴንቨር ወደ ምዕራብ በአውራ ጎዳና 70 የሚሄድ ሰው 3,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለውን የአይዘንሃወር ዋሻ ካለፈ በኋላ፣ ወደ ሲልቨርቶርን 7 በመቶ ዝቅዝቃት ያለው ረጅም ቁልቁለት ይጠብቀዋል። ለከባድ መኪኖች ማምለጫ መንገድ የተሠራበት ያለ ምክንያት አይደለም። መንስኤው ፍሬን ላይ ሳይነሱ መቆየት ነው፤ ሸራው ይግላል፣ እርጥበት የገባበት የፍሬን ዘይትም ይፈላል። ሽታውን ከሰሙ በተገኘው ሰፊ ቦታ ቆመው እስኪቀዘቅዝ ይጠብቁ፣ ውሃ ግን አይድፉበት። የዓባይን በረሃ የወረደ ሾፌር መፍትሄውን አስቀድሞ ያውቀዋል፦ ቁልቁለቱ ሳይጀምር ከባድ ማርሽ ማስገባት። አውቶማቲክ በሆነው ፒክአፕ ላይ ይህን የሚሠራው የከባድ ጭነት ቁልፍ ሲሆን፣ በናፍጣ ሞተሮች ላይ የጭስ ማውጫ ፍሬን ካለ እርሱም አብሮ ይከፈታል። የፍሬን ዘይቱ ዕድሜው የማይታወቅ ከሆነ ከጉዞ በፊት ይለወጥ።

ምልክት፦ ቀኑን ሙሉ ተነድቶም የካምፐሩ ባትሪ አይሞላም

ከመኪናው ሞተር ክፍል እስከ ካምፐሩ የሚደርሰው ሽቦ ረጅምና ቀጭን ስለሆነ ኃይሉ በመንገድ ይጠፋል። ሞተሩ እየሠራ በካምፐሩ ባትሪ ጫፎች ላይ ይለኩ፤ ንባቡ 13 ቮልት አካባቢ ከቀረ፣ በተለይ ማቀዝቀዣው በ12 ቮልት እየሠራ ከሆነ፣ ባትሪው መቼም አይሞላም። ወፍራም ሽቦ ከመኪናው ባትሪ በቀጥታ ስቦ፣ በሁለቱም ጫፍ ፊውዝ አድርጎ፣ ካምፐሩ ውስጥ ቮልቱን ከፍ አድርጎ የሚሞላ ዲሲ ቱ ዲሲ ቻርጀር መግጠም ችግሩን ያስወግደዋል። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን የመኪናውንና የካምፐሩን ኤሌክትሪክ የሚያገናኘውን የሰባት እግር ሶኬት ነቅለው እግሮቹ ላይ አረንጓዴ ዝገት አለመኖሩን ይመልከቱ፤ አንዳንድ ጊዜ ጥገናው የሽቦ ብሩሽ ብቻ ነው።