ጅራታሟን ኮከብ ከሒሳቤ ውስጥ ያጠፋት ጁፒተር ነበር
ቴምፕል 1 የተባለችው ጅራታም ኮከብ እ.ኤ.አ. በ1867 ተገኝታ ከ1879 በኋላ ለ88 ዓመታት ያህል ጠፍታ ነበር። መንገዷን በኮምፒውተር ሳሰላ እኔም አጣኋት፤ በ1967 እንደገና ከተገኘችበት ስፍራ እጅግ ርቃ ትወጣለች። ሦስት ሌሊት ሙሉ የመነሻ ቁጥሮቹን ስፈትሽ አደርኩ። ቁጥሮቹ ደኅና ነበሩ። ጉድለቱ የፀሐይን ስበት ብቻ ማስገባቴ ነው።

ጁፒተርን ጨመርኩ፤ ሁለቱ ሲቃረቡ ደግሞ የስሌቱን የጊዜ እርምጃ ከአሥር ቀን ወደ ግማሽ ቀን አሳጠርኩ። ያን ጊዜ 5.7 ዓመት የነበረው ፀሐይን የመዞሪያ ዑደቷ በ1881 ወደ 6.5 ሲዘል በዓይኔ አየሁ! በ1941 እና በ1953 ጁፒተር እንደገና ጎትቶ ወደ 5.5 መለሰው። የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ብራያን ማርስደን ይህንን ቀደም ብሎ አስልቶ ባይሆን ኖሮ በ1967 ኮከቧን ዳግም ያገኘቻት ኤልዛቤት ሮመር ቴሌስኮፗን ወዴት ታዞር ነበር?