ቤት ከመሸጥ በፊት የሚጠገነውና የሚተወው፦ ችግርና መፍትሄ

ሱሉልታም ሆነ ለገጣፎ ቤቱን ሊሸጥ ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚጠራው ቀለም ቀቢ ነው። ገንዘቡ የሚባክነው እዚህ ላይ ነው።

ምልክት፦ ቀለሙ ከወለሉ እስከ ጉልበት ከፍታ ያብጣል፣ ይላጣል፤ ግድግዳው ሲነካ ነጭ ዱቄት ይረግፋል።

መንስኤ፦ ደጋግሜ የማገኘው ይህንኑ ነው። ቤቱ ሲሠራ ወለሉ ከግቢው ከፍ ያለ ነበር። ቆይቶ ሰፈሩ ገንዘብ አዋጥቶ ኮብልስቶን ያነጥፋል፤ መንገዱ ከግቢው በላይ ይሆናል። ባለቤቱም አፈር አስደፍቶ ግቢውን ያስተካክላል፣ ግድግዳው ሥር አበባ ይተክላል። አሸንዳው ተሰብሯል፤ ወይም ከነጭራሹ አልተገጠመም። የክረምቱ ውሃ መሠረቱ ላይ ይተኛል፣ ብሎኬቱና ልስኑም ይመጡታል። ውሃው ሲተን ጨው ትቶ ይሄዳል፤ ነጩ ዱቄት ያ ነው።

መፍትሄ፦ ቅደም ተከተሉ አይዛባ። አስቀድሞ አሸንዳ ይገጠም፣ ውሃው በቱቦ ከግቢ ይውጣ። ከዚያ አፈሩ ከወለሉ ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይበል፤ በቤቱ ዙሪያ ወደ ውጭ ያዘነበለ ኮንክሪት ይፍሰስ። የተበላው ልስን እርጥበቱ ከሚታይበት አልፎ ይራገፍ፣ ብሎኬቱም ለሳምንታት ይድረቅ። ልስንና ቀለም የመጨረሻ ናቸው። ሥራው በበጋ ይሁን፤ በነሐሴ የተለሰነ ግድግዳ በወጉ አይደርቅም።

ሱሉልታ አንድ ሻጭ ደላላው አጣድፎት እርጥቡን ግድግዳ የዘይት ቀለም አስቀባው። የዘይት ቀለም እርጥበቱን አፍኖ ያስቀራል። ገዢው ሚስቱን ይዞ ሲመለስ ቀለሙ ፊኛ አውጥቶ ቆየው። ከዚያ በኋላ ገዢው ጣሪያውንም፣ ጉድጓዱንም፣ ካርታውንም መጠራጠር ጀመረና ሽያጩ ቀረ። ለገጣፎ ደግሞ በጂፕሰም ቦርድ የሸፈነ ነበር፤ ቦርዱ ሻግቶ ሳሎኑን አገማው፣ ማስነቀያም መጠገኛም ከፈለ። እባካችሁ አትሸፍኑ! የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለጉድለት ዋስትና እንዲሰጥ ያስገድዳል።

ምልክት፦ ከመስኮት ጥግ ተነሥቶ የብሎኬቱን መጋጠሚያ እየተከተለ በሰያፍ የሚወርድ ስንጥቅ።

መንስኤና መፍትሄ፦ ወደ አቃቂና ቱሉ ዲምቱ ጥቁሩ አፈር በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይኮማተራል፤ መሠረቱም አብሮ ሲንቀሳቀስ ግድግዳው ይሰነጠቃል። ስንጥቁን በስቱኮ አትድፈኑት፤ በዓመቱ ተመልሶ ይከፈታል። የስንጥቁን ጫፍ በእርሳስ ምልክት አድርጉና ቀን ጻፉበት። ከምልክቱ ካለፈ መሐንዲስ ይየው፤ ለገዢውም ይነገረው፣ ዋጋውም ያንን ይያዝ።

የመጸዳጃ ጉድጓድ ሞልቶ ከሸተተ ገዢ ከመምጣቱ በፊት ይመጠጥ። የውሃ ታንከሩ ሞልቶ ከፈሰሰ ተንሳፋፊ መዝጊያው ይቀየር። ፈቃድ የሌለው ተጨማሪ ክፍል ካለ ከማሳመር በፊት ሕጋዊነቱ ይጣራ።

አዲስ የወጥ ቤት ቁም ሳጥንና ሴራሚክ ግን አታስገቡ፤ ገዢው በራሱ ምርጫ አፍርሶ ይሠራዋል። የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ካለ ቀይሩት፤ ስትቀይሩም ያንን ነሐስ የተቀባ ፕላስቲክ አትግዙ። ጥርሱ በመጀመሪያው ማጥበቅ ይበላል፣ ገዢ ሲከፍተውም እጁ ላይ ይቀራል።