አጭር የከተማ ለከተማ ጉዞ፦ መኪናው ሳይንቀሳቀስ የሚያልቅ ሥራ

ለ800 ኪሎ ሜትር ጉዞ ሰው ሁሉ ይዘጋጃል። ጎማ ያሳያል፣ ዘይት ያያል፣ በጊዜ ይተኛል። 150 ኪሎ ሜትር ሲሆን ግን "እሱማ ቅርብ ነው" ይባልና ቁልፍ አንስቶ ውልቅ ነው። 110 ላይ እየነዳችሁ ጎማ ቢፈነዳ ግን ጉዞው አጭር መሆኑ የሚያተርፍላችሁ ነገር የለም።

ደግነቱ የአጭር ጉዞ ዝግጅት ራሱም አጭር ነው። በዋዜማው ማታ ግማሽ ሰዓት ብትሰጡት ያልቃል። ዋናው ነገር መወሰን ያለበትን ሁሉ መኪናው ቆሞ ሳለ መወሰን ነው፤ በስንት ሰዓት እንደምትነሱ፣ በየትኛው መውጫ እንደምትወጡ፣ የት እንደምታርፉ፣ ቢረፍድባችሁ ምን እንደምታደርጉ። መሪ ይዞ፣ በዚያ ፍጥነት፣ ከኋላ ከባድ መኪና እየመጣ የሚወሰን ነገር ብዙውን ጊዜ የችኮላ ነው።

ሰዓቱን ሳትዋሹ አስሉ

አብዛኛው ሰው እንዲህ ያሰላል፦ 150 ኪሎ ሜትር፣ በ100 ሲነዳ አንድ ሰዓት ተኩል። ስሌቱ ልክ ነው፤ ግን ከፈጣን መንገዱ መግቢያ እስከ መውጫው ላለው ብቻ። ከቤት ተነስቶ ከከተማ እስኪወጣ ያለው አልተቆጠረም። እዚያኛው ከተማ ገብቶ ሰፈሩን እስኪያገኙ፣ መኪና ማቆሚያ እስኪፈልጉም አልተቆጠረም። በረጅም ጉዞ ላይ እነዚህ ሁለት ጫፎች ኢምንት ናቸው። በአጭር ጉዞ ላይ ግን ጊዜውን የሚበሉት እነሱ ናቸው።

ከዚያ ምን ይሆናል? ከተማ ውስጥ የጠፋውን ጊዜ "ፈጣኑ መንገድ ላይ አካክሰዋለሁ" ይባላል። እስቲ እናስላው። ያንኑ 150 ኪሎ ሜትር በ100 ፈንታ በ120 ብትነዱት 1 ሰዓት ከ15 ይፈጃል። ትርፉ 15 ደቂቃ ነው፤ ያውም ከመግቢያ እስከ መውጫ ማንም ሳያዘገያችሁ፣ 120 በሚፈቀድበት መንገድ ላይ። አንድ ጊዜ ነዳጅ ለመቅዳት ብትቆሙ አብዛኛው ሄደ ማለት ነው። ኪሳራው ደግሞ ቀላል አይደለም። ፍሬን ከተያዘ በኋላ መኪናው ተንሸራቶ የሚቆምበት ርቀት ከፍጥነቱ ጋር እኩል አያድግም፤ ፍጥነቱ በ20 በመቶ ሲጨምር ርቀቱ በ44 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ፍጥነቱ እጥፍ ከሆነ ርቀቱ አራት እጥፍ ነው። የአየሩ ግፊትም እንደዚያው ስለሚያድግ ነዳጁ ሲወርድ በዓይናችሁ ታዩታላችሁ።

ስለዚህ ጊዜ የሚገኘው ከመነሻው ሰዓት ነው። ከመድረሻው ወደ ኋላ ቁጠሩ። ቀጠሮው 5 ሰዓት ነው እንበል። መኪና አቁሞ በእግር ለመድረስ 15 ደቂቃ፣ ከመውጫው ከተማ ውስጥ ለመግባት 20፣ ፈጣኑ መንገድ 90፣ ከቤት እስከ መግቢያው 30፣ ለማይታወቀው ነገር 25። ድምሩ 3 ሰዓት ሆነ። ስለዚህ 2 ሰዓት ላይ መኪናው መንቀሳቀስ አለበት። "በሉ ተነሱ እንውጣ" የሚባልበት ሰዓት አይደለም፤ ጎማው የሚዞርበት ሰዓት ነው። ልጆች ካሉ ልዩነቱን ታውቁታላችሁ።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ጎግል ማፕን ማታ ከፍታችሁ "ስንት ሰዓት ይፈጃል?" ብትሉት የሚነግራችሁ የዚያን ሰዓት መንገድ ነው። መንገዱ ጭር ብሎ ሳለ የታየ ቁጥር ጠዋት ላይ አይሠራም። መነሻ ወይም መድረሻ ሰዓት የሚሞላበት ቦታ አለው፤ እሱን ሞልታችሁ እዩት።

የፀሐይንም ነገር አስቡበት። በማለዳ ወደ ምሥራቅ፣ ወይም አመሻሽ ላይ ወደ ምዕራብ የምትነዱ ከሆነ ፀሐይ ፊት ለፊት ዓይናችሁ ውስጥ ናት። መነሻውን ግማሽ ሰዓት ገፋ ወይም ሳብ ማድረግ ብቻ ብዙ ይቀይራል።

መንገዱን በጭንቅላታችሁ ያዙት

ስልኩ ይመራናል ብላችሁ አትተዉት። ስልክ ኔትወርክ ያጣል፣ ይግላል፣ ባትሪ ይጨርሳል። የመንገዱን ካርታ ከኢንተርኔት ውጭ እንዲሠራ አድርጋችሁ አውርዱት፤ መንገዱን ያሳያችኋል፣ የትራፊክ መጨናነቁን ግን አይነግራችሁም። ከዚያ በተጨማሪ ሦስት ነገር በቃል ያዙ፦ የምትወጡበት መውጫ ስም ወይም ቁጥር፣ ከእሱ በፊት ያለው መውጫ፣ እና መሐል ላይ ማረፍ የሚቻልበት ቦታ። ከመውጫችሁ በፊት ያለውን ማወቅ የሚጠቅመው፣ እሱን እንዳለፋችሁ ወደ ጠርዙ መስመር ለመጠጋት ምልክት ስለሚሆናችሁ ነው። በመጨረሻው 300 ሜትር ላይ ሁለት መስመር አቋርጦ መውጣት የሚመጣው ይህን ካለማወቅ ነው።

መውጫው ካመለጣችሁ? አመለጠ በቃ። ቀጥሉና በሚቀጥለው ወጥታችሁ ተመለሱ። ፈጣን መንገድ ላይ ማርሽ ወደ ኋላ ማስገባት፣ ወይም ጠርዝ ላይ ቆሞ ማመንታት፣ እብደት ነው። ለዚህም ነው 25 ደቂቃ የተረፈው።

ጎማ፣ ጎማ፣ ጎማ

መኪናውን ስታዩ አንድ ነገር ብቻ ለማየት ጊዜ ካላችሁ ጎማውን እዩ። ከተማ ውስጥ ንፋሱ የጎደለ ጎማ ችሎ ይኖራል፤ ፈጣን መንገድ ላይ ግን ጎኑ በየዙሩ ሲተጣጠፍ ይሞቃል፣ ሙቀቱ ይጠራቀማል፣ መጨረሻው መፈንዳት ነው። መኪናው በሰውና በዕቃ ከተሞላ ደግሞ ይብሳል።

ንፋሱ የሚለካው ጎማው ቀዝቃዛ ሳለ ነው፤ ቢያንስ ለሦስት ሰዓት ቆሞ የነበረ፣ ወይም በጣም ጥቂት የተነዳ። ትንሽ ከሄደ በኋላ አየሩ ስለሚሞቅ ልኬቱ ከፍ ብሎ ያሳስታችኋል። ስንት መሆን አለበት? አብዛኛው መኪና ላይ የሾፌሩን በር ስትከፍቱ ፍሬሙ ላይ የተለጠፈ ወረቀት አለ፤ ለፊትና ለኋላ፣ ለባዶና ለተጫነ መኪና ለየብቻ ይጽፋል። ጎማው ጎን ላይ የተጻፈውን ቁጥር አትጠቀሙ፤ እሱ ጎማው የሚችለው ከፍተኛው ልክ እንጂ ለመኪናችሁ የሚስማማው አይደለም። አንዳንድ ጎሚስታ ሳይጠይቅ ለሁሉም አንድ ዓይነት ይሞላል። ቁጥሩን እናንተ ንገሩት።

ጥርሱንም እዩ። በብዙ አገሮች ሕጉ ቢያንስ 1.6 ሚሊ ሜትር ይላል፤ ዝናብ ካለ ግን ያ ራሱ ያንሳል። የጎማው ጎን ላይ እብጠት ወይም ስንጥቅ ካለ በእሱ ፈጣን መንገድ አትውጡ። ዕድሜውን ማወቅ ከፈለጋችሁ ደግሞ ጎኑ ላይ ዶት (DOT) የሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ላይ አራት አሃዝ ፈልጉ፦ 2321 ካለ በ2021 (በፈረንጆቹ) በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ዕድሜው የገፋ ጎማ ያታልላል፤ ጎማው ሳይነዳም ያረጃል።

ስኮርታውን አትርሱት። እሱንም ንፋስ አስሞሉት፤ ክሪኩና የጎማ መፍቻው ከእሱ ጋር መኖራቸውን አረጋግጡ። ቀጭኑ፣ ጊዜያዊው ስኮርታ ከሆነ ከ80 በላይ አይነዳበትም። በአንዳንድ አዳዲስ መኪኖች ደግሞ ስኮርታ የሚባል ነገር የለም፣ ማሸጊያ ፈሳሽና ትንሽ ፓምፕ ብቻ ነው ያለው። ይህን መንገድ ላይ ሆኖ ማወቅ ደስ አይልም።

የቀረውን ቶሎ እንለፈው። ዘይትና የራዲያተር ውሃ፣ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ። መብራት ሁሉ፣ የፍሬን መብራቱን ጨምሮ፤ ለእሱ ሰው ከኋላ ይቁምላችሁ። የዝናብ መጥረጊያና የመስታወት ማጠቢያ ውሃ። ነዳጅ በዋዜማው ይሞላል፣ ጠዋት ሰልፍ ላይ ቆሞ አይደለም።

ኤሌክትሪክ መኪና የምትነዱ ከሆነ ስሌቱ ይገለበጣል። የቤንዚን መኪና ፈጣን መንገድ ላይ ይቆጥባል፤ ኤሌክትሪክ ግን ከከተማው ይልቅ እዚያ ነው የሚበላው። ከተማ ውስጥ ፍሬን ሲያዝ የሚመለሰው ኃይል ፈጣን መንገድ ላይ የለም፣ አየሩም ይጎትታል። ዳሽቦርዱ ላይ ያለው "ይህን ያህል ኪሎ ሜትር ቀርቷል" የሚለው ቁጥር በሰሞኑ አነዳዳችሁ የተገመተ ስለሆነ ሳምንቱን ከተማ ውስጥ ከዋላችሁ ከእውነቱ በላይ ያሳያል። ሲደርሱ ሀያ በመቶ እንዲተርፍ አድርጋችሁ አቅዱ።

ዕቃ ስትጭኑ ከባዱን ከታች፣ ከወንበሩ ጀርባ ተጠግቶ። ከኋላው መስታወት ሥር ምንም አታስቀምጡ፤ ድንገት ፍሬን ሲያዝ እዚያ ያለው ሁሉ ወደ ጭንቅላታችሁ ነው የሚመጣው። የውሃ ጠርሙስ ደግሞ ሾፌሩ እግር አካባቢ አይቀመጥ፤ ተንከባሎ ፍሬን ሥር ከገባ ፔዳሉ አይወርድም።

መንገድ ላይ

ፈጣን መንገድ ሲገባ ብዙ ሰው በፍርሃት ቀስ ይላል። አደገኛው እሱ ነው። የመግቢያው መስመር የተሠራው ፍጥነት ለመጨመር ነው፤ ፍሬቻ አብሩ፣ ስፖኪዮ እዩ፣ አንገታችሁን ዞር አድርጋችሁ ስፖኪዮው የማያሳየውን እዩ፣ ከመንገዱ ፍጥነት ጋር ተስተካክላችሁ ግቡ። ከዚያ ለመቅደም ካልሆነ በስተቀር በቀስታው መስመር ሂዱ።

ከፊት ካለው መኪና ጋር ያለውን ርቀት በሰከንድ ለኩት። መኪናው አንድ ምሰሶ ሲያልፍ "ሺ አንድ፣ ሺ ሁለት" በሉ። ሳትጨርሱ ምሰሶው ጋ ከደረሳችሁ ተጠግታችኋል። ዝናብ ካለ እስከ አራት ቁጠሩ። በ100 ስትነዱ በሰከንድ 28 ሜትር ገደማ ትሄዳላችሁ፤ ስልክ ለማየት ለሦስት ሰከንድ ዓይናችሁን ብትነቅሉ ከ80 ሜትር በላይ ጨፍናችሁ ነዳችሁ ማለት ነው። ስለዚህ ስልኩ የጋቢናው ተሳፋሪ ሥራ ነው።

ውሃ የተኛበት መንገድ ላይ መሪው ድንገት ቅልል ካላችሁ ጎማው ውሃ ላይ ተንሳፍፏል ማለት ነው። ፍሬን አትርገጡ፣ መሪ አትጠምዝዙ። እግራችሁን ከነዳጅ መስጫው ላይ ቀስ ብላችሁ አንሱና መሪውን ቀጥ አድርጋችሁ ያዙት፤ ጎማው መሬቱን ሲያገኝ ራሱ ይመለሳል። ጎማ ሲፈነዳም ያው ነው፦ መሪውን አጥብቆ መያዝ፣ እግርን ከነዳጅ መስጫው ማንሳት፣ ፍጥነቱ ሲወርድ ወደ ጠርዝ መውጣት።

እንቅልፍ አጭር ጉዞ ላይ አይመጣም ያለው ማነው? ሰውነት የሚዳከምባቸው ሰዓቶች አሉ፤ ከሌሊቱ 8 እስከ ንጋቱ 12፣ ከዚያም ከቀኑ 8 እስከ 10 ሰዓት አካባቢ። ቀጥ ያለ፣ ምንም የማይለወጥበት መንገድ ደግሞ ያግዘዋል። ያለፋችሁትን አምስት ኪሎ ሜትር ካላስታወሳችሁት፣ ወይም መስመር ከሳታችሁ፣ መስኮት መክፈትና ሙዚቃ ማስጮህ አያድንም። ደህና ቦታ ቁሙና 20 ደቂቃ ተኙ። ቡና ካለ ከመተኛታችሁ በፊት ጠጡት፤ መሥራት እስኪጀምር ግማሽ ሰዓት ያህል ስለሚፈጅ ስትነሱ ይደርስላችኋል።

መኪናው ከተበላሸ በተቻለ መጠን ከመንገዱ ርቆ ይቁም። የአደጋ ምልክቱን አብሩ። መኪኖች ከሚያልፉበት በተቃራኒው በር ውጡና ሁላችሁም ከብረት አጥሩ ጀርባ ሁኑ፤ መኪና ውስጥ ወይም ከመኪናው ኋላ አትቁሙ። አንጸባራቂ ምልክት የሚቀመጥበት ርቀትና ሕጉ እንደየአገሩ ይለያያል፣ ቀድማችሁ እወቁት፤ በእግር ሄዶ ማስቀመጡ ራሱ አደገኛ ከሆነ ግን ይቅር። የተነፈሰው ጎማ በመንገዱ በኩል ከሆነ እዚያ ተንበርክካችሁ አትቀይሩ፤ እርዳታ ጥሩ። የት እንዳላችሁ ለመናገር ዳር ላይ ያሉትን የኪሎ ሜትር ምልክቶች አንብቡ።

ስትወጡ ፍጥነት መለኪያውን እዩ። አንድ ሰዓት በ100 የነዳ ሰው 70 የኤሊ ጉዞ ይመስለዋል፤ የመውጫው መታጠፊያ ግን ብዙ ጊዜ የተሠራው ከዚያም ላነሰ ፍጥነት ነው።

መመለሻው

ሰው መሄጃውን ያቅድና መመለሻውን ይረሳል። ደርሶ መልስ ከሆነ ግን ከባዱ መመለሻው ነው፤ ውላችሁ ደክማችኋል፣ ጨልሟል፣ "አሁንስ ቤቴ ልግባ" የሚል ስሜት አለ። ስለዚህ የመመለሻውን ሰዓት ከመነሻው ጋር አብራችሁ ወስኑ፤ የመጨረሻውንም ገደብ ጭምር። ከዚያ ሰዓት ካለፈ እናድራለን ብላችሁ ለቤት ቀድማችሁ ተናገሩ፣ ኋላ ሰው እንዳይጨነቅ፣ እናንተም በጉትጎታ እንዳትወጡ።

በጨለማ ዝቅተኛው መብራት የሚያሳየው ርቀት በ100 ለሚነዳ መኪና ለመቆም ሊያንስ ስለሚችል ቀንሱ። ከመነሳታችሁ በፊት ነዳጁን እዩ፣ ጎማዎቹን በዓይናችሁ ዙሯቸው፣ የፊት መስታወቱን ደግሞ ከውስጥ በኩል በደረቅ ጨርቅ ጥረጉት፤ ማታ የሚመጣው መኪና መብራት ዓይን ላይ የሚበተነው እዚያ በተጠራቀመው ስስ ቅባት ምክንያት ነው።